የፈረስ ማሳደሪያ አመራረጥ በዋሽንግተን ዙሪያ፦ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ

የፈረስ ማሳደሪያ የራሱ በረትና ግጦሽ የሌለው ባለፈረስ በየወሩ እየከፈለ ፈረሱን የሚያሳድርበት እርሻ ነው። አሠራሩ በመላው አሜሪካ የተለመደ ቢሆንም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በተለይ ተስፋፍቷል፤ አካባቢው ከጥንትም የፈረስ አገር ነውና። ፕሪክነስ የተባለው ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም በባልቲሞር የተጀመረው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ሜሪላንድ በ1962 በፈረስ እየጋለቡ በጦር ቀለበት መልቀምን የግዛቲቱ ይፋዊ ስፖርት አድርጋ ደንግጋለች። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ ሚድልበርግ የምትባለው ትንሽ ከተማ በፈረስ እርባታና በቀበሮ አደን ስሟ የታወቀ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 የመሬቱን ሲሶ ያህል ለእርሻ ከልሎ ስላስቀረ፣ ዛሬም ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ በፑልስቪል አካባቢ ሰፋፊ የፈረስ መስኮች ይታያሉ።

አገር ቤት ፈረስ ያሳደገ ሰው ይህ አሠራር መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። በአዊም ሆነ በአርሲ ፈረሱ ከቤተሰቡ ደጅ አይርቅም፤ ሣሩን የሚያጭድለት፣ ውኃ የሚያወርደው፣ ሲያነክስም ቀድሞ የሚያየው ያው የቤቱ ሰው ነው። ማሳደሪያ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ኃላፊነት ወደ ሌላ ሰው እጅ ይዛወራል። ባለፈረሱ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ቢያገኝ ነው። ፈረሱ በቀሪው 23 ሰዓት ምን ይበላል? የት ይቆማል? ከማን ጋር ይውላል? ምርጫውን መወሰን ያለበት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንጂ የበሩ ቀለም ወይም የመጋለቢያ አዳራሹ ስፋት አይደለም።

አገልግሎቱ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል። ሙሉ አገልግሎት የሚባለው ፈረሱ የራሱ ጋጣ ኖሮት ሠራተኞች የሚመግቡት፣ ፋንድያውን የሚጠርጉለት፣ ወደ መስክ የሚያወጡትና የሚያስገቡት ነው። በመስክ ማደር ደግሞ ፈረሱ ሌት ተቀን ከመንጋ ጋር ሜዳ ላይ የሚቆይበት፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ዳስ ብቻ ያለው አማራጭ ነው። በሦስተኛው ቦታው ይከራያል፤ መመገቡም መጥረጉም የባለፈረሱ ሥራ ነው። ዋጋው እንደየቦታው በወር ከጥቂት መቶ ዶላር ይነሣና ለከተማ ሲቀርብ፣ አሠልጣኝና የቤት ውስጥ መጋለቢያ ሲታከልበት ከሺህ ዶላር በላይ ይዘልቃል። በመስክ ማደር ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው የድሃ ምርጫ ያደርገዋል። ይህ ፈረሱን መበደል ነው፤ ጥሩ ዳስ፣ ደረቅ መቆሚያና ተስማሚ ጓደኞች ያሉት ፈረስ በሚያምር ጋጣ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት ከሚውለው በብዙ የተሻለ ይኖራል። እርግጥ ሁሉም ፈረስ አንድ አይደለም። በዚህ አካባቢ ከእሽቅድምድም ጡረታ የወጡ የቶሮብሬድ ዝርያ ፈረሶች ብዙ ናቸው፤ ቆዳቸው ስስ፣ ሰኮናቸውም ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ብርዳማዎቹን ወራት ሜዳ ላይ ለማደር ተጨማሪ መኖና ብርድ ልብስ ሊያሻቸው ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ድርቆሽ ነው። የፈረስ ጨጓራ ለገላው ትንሽ ነው፤ በላም አልበላ አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲግጥ ነውና ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሲሆን ጨጓራው ይቆስላል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ወይም ተመጣጣኝ ግጦሽ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ጠዋትና ማታ ይበላል» የሚለው መልስ አይበቃም። የማታው ድርቆሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሰዓት ላይ ካለቀ፣ ፈረሱ እስከ ንጋት አሥር ሰዓት ያህል ሆዱን አሥሮ ያድራል። ጥሩ ማሳደሪያ የሌሊቱን ድርሻ ጨምሮ ያስቀምጣል ወይም ቀስ አድርጎ በሚያስበላ መረብ ይሰጣል፤ የሚሰጠውንም በእስር ሳይሆን በኪሎ ይናገራል፤ የአንዱ እስር ክብደት ከሌላው ይለያያልና።

ድርቆሹን በእጅ ማየት ይገባል። አንድ እስር አስፈትቶ መሐሉን መዳበስና ማሽተት ነው፦ ጥሩው አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲያራግፉት የማያቦን፣ የመስክ ሽታ ያለው ነው። መሐሉ ሞቅ ያለ፣ የሻገተ ወይም ነጭ ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ ለፈረስ ሳንባ ጠላት ነው። ድርቆሹ እርጥበት ይዞ ከተከመረ ደግሞ ከውስጡ እየጋለ ሄዶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከፈረሶቹ አናት ላይ ቆጥ ሠርተው ድርቆሹን እዚያ የሚከምሩ አሮጌ በረቶች ብዙ ናቸው። ለሥራ ይመቻል፤ እሳት ቢነሣ ግን ለማዳን ጊዜ አይሰጥም። ድርቆሹን በሌላ ቤት የሚያስቀምጥ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን አይጥ እንዳይበላው በቧንቧ ውስጥ ያስገባና ሲጋራን የከለከለ ባለቤት ዋናውን አደጋ ያወቀ ሰው ነው።

የእህል መኖ ቤቱ በር መቀርቀሪያ አለው ወይ? ይህ ተራ ጥያቄ ይመስላል። በሌሊት ከጋጣው ያመለጠ ፈረስ ጆንያ እህል ካገኘ እስኪፈነዳ ይበላል፤ ፈረስ ደግሞ ማስታወክ ስለማይችል መጨረሻው የሆድ ቁርጠት ወይም ላሚናይተስ የተባለው ሰኮናን ከውስጥ የሚያቃጥል ሕመም ይሆናል። በአካባቢው የሚገኘው ኦፖሰም የተባለው እንስሳም ያልተከደነ መኖ ላይ ኩሱን ይጥላል፤ በዚህ በኩል የሚተላለፍ ተህዋስ የፈረስን ነርቭ ጎድቶ አካሄዱን ያበላሻል። ከብትም የሚያረባ እርሻ ከሆነ የሁለቱ መኖ በጭራሽ እንዳይደባለቅ ማረጋገጥ ያሻል፤ ለከብት መኖ የሚጨመረው ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት በትንሹም ፈረስን ይገድላል።

ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 45 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ጥር ላይ ገንዳው ሲቀዘቅዝ ብዙ ፈረሶች መጠጣቱን ይቀንሳሉ፤ ደረቅ ድርቆሽ ከጥቂት ውኃ ጋር አንጀት ውስጥ ይቋጠራል። በመሆኑም በሞቃቱ ወራት የሚጎበኝ ሰው የብርዱን ወራት ውኃ ማሞቂያ አብሮ ይጠይቅ።

የጋጣው የተለመደ ስፋት 3.6 በ3.6 ሜትር ነው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ የጠለቀውን እንቅልፍ ግን የሚያገኘው ተኝቶ ስለሆነ ለመተኛት የሚያስችል ቦታና ጉዝጓዝ ያስፈልገዋል። ሽታውን ለመመርመር ቆሞ ማሽተት አይበቃም፤ ዝቅ ብሎ የተኛ ፈረስ አፍንጫ በሚደርስበት ከፍታ መተንፈስ ነው። ዓይን የሚያስለቅስ አሞኒያ ካለ ሽንቱ በወጉ አይጠረግም ማለት ነው። ጉዝጓዙ የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ጥቁር ዋልነት የተባለው ዛፍ እንዳልገባበት ይጠየቅ፤ የዚህ ዛፍ ፍቅፋቂ በሰዓታት ውስጥ ላሚናይተስ ያስነሣል።

መስኩ ላይ ሲወጡ ዓይን የሚያርፈው አረንጓዴነቱ ላይ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ፈረሱ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወጣና ከማን ጋር እንደሚወጣ ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን የታሰረ ፈረስ እንጨት መንከስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ልማዱ አንዴ ከያዘው ለመተው ይቸገራል። አጥሩ እሾሃማ ሽቦ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ የደነገጠ ፈረስ ሽቦ ውስጥ ገብቶ እግሩን ይተለትላል። በአጥሩ ዳር ቀይ ሜፕል ካለም ማሰብ ያስፈልጋል። ለምለም ቅጠሉ ያን ያህል አያሰጋም፤ በማዕበል ተገንጥሎ የጠወለገው ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ኃይለኛ ነፋስ ባለፈ ማግስት መስኩን ዞሮ የወደቀ ቅርንጫፍ የሚለቅም ሠራተኛ ያለው እርሻ ብርቅ ነው፤ ከተገኘ ይያዝ።

ይህ አካባቢ ስሙን የሰጠው በሽታም አለው። የፖቶማክ የፈረስ ትኩሳት በ1979 ሜሪላንድ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባሉ ፈረሶች ላይ ታወቀ። የበሽታው ባክቴሪያ ከወንዝ ቀንድ አውጣ ተነሥቶ በጥገኛ ትላትል አማካይነት ሜይፍላይን ወደ መሳሰሉ፣ ውኃ ውስጥ አድገው ክንፍ አውጥተው ወደሚበሩ ነፍሳት ይሻገራል። ነፍሳቱ በሞቃቱ ወራት ሌሊት በብርሃን ተስበው ወደ በረቱ ይመጡና መኖና ውኃ ውስጥ ሞተው ይወድቃሉ፤ ፈረሱም ከምግቡ ጋር ይውጣቸዋል። ከዚያ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ሲከፋም ላሚናይተስ ይከተላል። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት መብራቱን የሚያጠፋ ማሳደሪያ ከክትባቱ ጋር አንድ ትልቅ መከላከያ አለው። ለወንዙ ቅርብ የሆነ እርሻ ላይ መብራቱ ሲነጋ ድረስ በርቶ ካደረ፣ ቀሪው ሁሉ ቢያምር እንኳ ይህን መናገር ያስፈልጋል።

አዲስ የሚመጣ ፈረስ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ተለይቶ መቆየቱም የጥሩ ቦታ ምልክት ነው፤ ስትራንግልስ የተባለው የጉሮሮ እጢ የሚያሳብጥ ተላላፊ በሽታ በአንድ ገንዳ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል። ኮጊንስ የተባለውን፣ ተላላፊ የፈረስ ደም ማነስን የሚለይ የደም ምርመራ ውጤትና የክትባት ማስረጃ ሳይጠይቅ «ነገ አምጣው» የሚል ባለቤት ከሌላውም ሰው አልጠየቀም። ከክትባቶቹ መካከል የመንጋጋ ቆልፍ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የዌስት ናይልና በትንኝ የሚተላለፈው የአንጎል ብግነት ክትባቶች ለማንኛውም ፈረስ መሠረታዊ ናቸው።

ሕንፃውን የሚያህል ሌላው ጉዳይ ሰዉ ነው። እርሻው ላይ የሚያድር ሰው አለ ወይ? ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ የሚያይ አለ ወይ? ድርቆሹን ሳይነካ የቆመ፣ በፊት እግሩ መሬት የሚቧጭር፣ ዞር እያለ ሆዱን የሚያይ ፈረስ ቁርጠት ጀምሮታል። ያን ሰዓት ሐኪም ከተጠራ ብዙው ይድናል፤ እስከ ንጋት የሚያየው ሰው ከሌለ ግን ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ጋጣ የሚጠርገውን ሠራተኛ ማናገር ጠቃሚ ነው። «ያ ዳማው ምን ይወዳል?» ተብሎ ተጠይቆ ሳያመነታ የሚመልስ ሠራተኛ ፈረሶቹን በየቀኑ ያያል።

በሜሪላንድ ፈረስ ማሳደርን፣ ማከራየትንና ግልቢያ ማስተማርን ንግድ ያደረጉ ቦታዎች ከግዛቲቱ የፈረስ ዘርፍ ቦርድ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ተቆጣጣሪም ይጎበኛቸዋል። ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ከፈረስ ተፈጥሮ ለሚመጣ አደጋ የማሳደሪያውን ተጠያቂነት ይገድባል፤ በፊርማ የሚተወው መብት ምን እንደሆነ ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ውሉ ውስጥ በተለይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሁን፦ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ፣ ባለፈረሱ ስልክ ሳያነሳ ሲቀር እስከ ስንት ዶላር ድረስ ሕክምና እንዲደረግ እንደፈቀደ፣ ፈረሱ መዳን የማይችል ከሆነ ሥቃዩን ለማስቆም ማን እንደሚወስን። የወር ክፍያ ሲቋረጥ ማሳደሪያው ፈረሱን በመያዣነት ሊያስቀር፣ ሕጉን ተከትሎም ሊሸጥ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ጉብኝቱ ሁለት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ በመመገቢያ ሰዓት፣ ሌላው ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ጭቃው እስከ የት እንደሚደርስ እንዲታይ። ከዕቃው ሁሉ በላይ የሚመሰክሩት እዚያ ያሉት ፈረሶች ናቸው፦ የጎን አጥንታቸው ተቆጥሮ ይታያል ወይ? ሰኮናቸው በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይከረከማል ወይ? ሰው ሲቀርብ ጆሯቸውን ወደፊት ያቆማሉ ወይስ ወደኋላ ለጥፈው ፊታቸውን ያዞራሉ? ፈረሱ ከገባ በኋላም አዲሱ መኖ ከድሮው ጋር እየተደባለቀ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ይለወጥለታል፤ ከመንጋው ጋርም መጀመሪያ በአጥር ማዶ ይተዋወቃል። የደረቱን ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ በየሁለት ሳምንቱ መለካት ከስቶ እንደሆነ ከዓይን ቀድሞ ይናገራል፤ እየከሳ ከሄደ ድርቆሹ እንዲጨመር መጠየቅ፣ ካልተጨመረም በውሉ መሠረት አስቀድሞ አሳውቆ ሌላ ማሳደሪያ መፈለግ ነው።