«ኤንጂኦ ነው፣ ብር አለው» እና ሌሎች ስለ ፈንድ የሚባሉ ነገሮች

በደሴ፣ በጅማ ወይም በአርባ ምንጭ በሕፃናትና በማኅበረሰብ ጤና ላይ የሚሠራ አንድ አገር በቀል ድርጅት ፈንድ አገኘ ሲባል ወሬው ቶሎ ይዛመታል። ቤት አከራዩ ኪራይ ይጨምራል። ዘመድ ሲቪ ይልካል። ስብሰባ የተጠራ ሁሉ አበል ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ሁሉም የሚያየው ብሩን ነው። ከብሩ ጋር የመጣውን ውል አንብቦ የሚያድረው የሒሳብ ሠራተኛው ነው።

«ገንዘቡ አንዴ ከገባ የድርጅቱ ነው»

አይደለም። ፈንድ የሚመጣው በበጀት መስመር ተከፋፍሎ ነው። ለሥልጠና የተባለ ለሥልጠና፣ ለነዳጅ የተባለ ለነዳጅ። እናቶች የምግብ እጥረትን ለመለየት የልጆቻቸውን የክንድ ዙሪያ እንዲለኩ ለማሠልጠን በተያዘ ብር የተበላሸ መኪና ማሠራት አይቻልም፤ አሠልጣኞቹን የሚያመላልሰው ያው መኪና ቢሆንም እንኳ። ማዛወር ካስፈለገ እንደ ውሉ ለጋሹን በጽሑፍ ማስፈቀድ ይመጣል። ሳይፈቀድ የወጣውን ኦዲተሩ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ያኔ ድርጅቱ ከራሱ ይመልሳል። ከራሱ ማለት ከየት? ለትንሽ ድርጅት ይህ ከባድ ጥያቄ ነው።

ደግሞ ብሩ ብዙውን ጊዜ ባንዴ አይመጣም። የመጀመሪያው ክፍያ ይለቀቃል። ሪፖርት ይላካል። ሪፖርቱ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ሲመለስ ሁለተኛው ይለቀቃል። በመሀል ሠራተኛው ደመወዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ውል የፈረመ ድርጅት ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ «ተበላ» ለማለት አትቸኩሉ።

«ጥሩ ድርጅት ለአስተዳደር ብር አያወጣም»

እኔ በጣም የምጠላው ይሄኛውን ነው፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ደግ ሰዎች ናቸው። «እያንዳንዷ ብር ለልጆቹ ትድረስ» ይላሉ። እሺ፣ ደረሰኙን ማን ይሰብስብ? የልጆቹን መዝገብ ማን ይያዝ? የቢሮ ኪራዩን ማን ይክፈል?

የሕጋችን ታሪክም ለዚህ አመለካከት የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚተዳደሩበት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ወጪው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ችግሩ ከቁጥሩ ይልቅ አቆጣጠሩ ላይ ነበር። ሥልጠና ለመስጠት ገጠር የሚወርድ ባለሙያ የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር አስተዳደር ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ሥራቸው ሁሉ ሥልጠናና ክትትል የሆኑ የጤና ድርጅቶች በወረቀት ላይ አባካኝ መሰሉ። እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ወረደ። ሲሰሙት የጠበቀ ይመስላል። ግን አስተዳደር የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ብቻ ሆነ፤ በተግባር ብዙዎችን አስተንፍሷል።

ለጋሾችም የየራሳቸው ልክ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት በተለመዱት ውሎቹ ለተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ ቢሮ ኪራይና ሒሳብ አያያዝ ላለው) የሚሰጠው ቢበዛ ከቀጥታ ወጪው 7 በመቶ ነው። ቀጥታ ወጪው በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ለሆነ ፕሮጀክት 70,000 ብር ማለት ነው፤ በወር 6,000 እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደግሞ ለተዘዋዋሪ ወጪ የተስማማበት የራሱ ተመን ለሌለው ድርጅት ይፈቅድ የነበረውን 10 በመቶ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ 15 አሳድጎታል። ይህን የማያውቅና ፕሮፖዛሉ ላይ «አስተዳደር፦ 0» ብሎ የሚጽፍ ድርጅት ራሱን የጎዳ እንጂ ለጋሹን ያስደሰተ አይደለም።

«በልጆች መብት ላይ በውጭ ገንዘብ መሥራት ክልክል ነው»

ድሮ ነበር። በ2001ዱ አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ያንን ሽሮታል። ወረቀቱ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም ፍርሃቱ ግን እዚህም እዚያም አለ።

«ትልልቆቹ ለጋሾች በቀጥታ ለክልል ድርጅት ይሰጣሉ»

ቢሰጡማ ጥሩ ነበር። አብዛኛው ገንዘብ የሚወርደው በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል ነው፤ የክልሉ ድርጅት ሳብ ግራንት፣ ማለትም እነሱ ከተሰጣቸው ላይ ቆርሰው የሚያካፍሉት፣ ነው የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢስታንቡል ትልልቅ ለጋሾችና የእርዳታ ድርጅቶች ከሰብዓዊ እርዳታው 25 በመቶውን ለአገር በቀሎች በተቻለ መጠን በቀጥታ ለማድረስ ተስማምተው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲም በ2021 ተመሳሳይ 25 በመቶ ቃል ገባ። በ2023 ግን 10 በመቶ አካባቢ ላይ ነበር። በ2025 ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲበጠስ ታች ያለው ድርጅት ለማን አቤት እንደሚል እንኳ ግራ ይገባዋል፤ ውሉ ከለጋሹ ጋር አልነበረማ።

«ያለ ትውውቅ አይገኝም»

ትውውቅ ጥሪ መውጣቱን ቀድሞ ለመስማት ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ግን በተራ ነገር ነው። የኦዲት ሪፖርት ተያይዞ አልተላከም። ፈቃድ አልታደሰም። ትረካው 300 ሕፃናት ይላል፣ በጀቱ ለ200 ተሰልቷል።

«ማሳደጊያ መክፈት ፈንድ ያመጣል»

ይህ ልጆችንም ድርጅቶችንም ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። ቀድሞ የሚፈለገው ልጁ ከቤተሰቡ ወይም ከዘመዱ ጋር እንዲኖር መደገፍ ነው። የውጭ ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም ቆሟል። ለጋሾችም ወደዚያው አዘንብለዋል፤ ለአያትየው ገቢ፣ ለልጁ ትምህርት፣ ለቤቱ ክትትል።

ጤናም ላይ ነገሩ ይመሳሰላል። ክሊኒክ መክፈት ዓይን ይስባል። ነገር ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀበሌዎች በመንግሥት ደመወዝ የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሏቸው። የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነን፣ ማለትም በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳን ሕፃን አግኝቶ ወደ እነሱ የሚያደርስ በጎ ፈቃደኛ ማሠልጠን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አይፈርስም። ክሊኒኩ ግን ደመወዝ ከፋይ ይፈልጋል።

«ፈንድ ሲያልቅ ድርጅቱም ያልቃል»

የግድ አይደለም። የ2011ዱ አዋጅ ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ ውስጥ እንዲገቡ ይፈቅዳል። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ወደ ዓላማው ይመለሳል። ሒሳቡ ለብቻው ይያዛል፤ የንግድና የግብር ሕግም ይመለከተዋል። የስብሰባ አዳራሽ ማከራየት ወይም ወፍጮ ቤት ሊሆን ይችላል። ብዙ ብር ላያስገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍያ አልቆ ሁለተኛው እስኪለቀቅ ደመወዝ የሚሸፍነው ግን እንዲህ ያለው ነው።