አርኤምኤስ ዋት ምንድን ነው? ሳጥኑ ላይ ያለው 3000ስ?

«ይሄኛው 3000 ዋት ነው፤ ያኛው 80 ብቻ ነው።» ደሴ ፒያሳ ውስጥ አምፕሊፋየር (አምፕ) ሲሸጥ ይህችን ንግግር ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወጣት በስልክ በሚዘዋወር ቪዲዮ ላይ «ዋት በበዛ ቁጥር ድምፅ ይጠራል» ሲል አየሁት። እንዴት ዝም ይባላል?

አምፕሊፋየር ምን እንደሚሠራ አላወራም፤ ታውቁታላችሁ። ኦም ደግሞ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ልኬት ነው።

አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው ዋት፣ አምፑ ድምፁን ሳያበላሽና ራሱ ሳይቃጠል ያለማቋረጥ ለስፒከሩ የሚሰጠው ኃይል ነው። አጠገቡ ሦስት ነገር ካልተጻፈ ግን ቁጥሩን አትመኑት፦ በስንት ኦም እንደተለካ፣ ሁለቱም ቻናል (ግራና ቀኝ) አብረው ይሠሩ እንደነበር፣ የድምፅ መዛባቱ ስንት ፐርሰንት እንደነበር። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው 3000 ብዙ ጊዜ ፒኤምፒኦ (ለአፍታ ብቻ ይደረስበታል የሚባል ጫፍ) ነው። እሱ ሁሉም የተስማማበት የአለካክ ደንብ የለውም። ማጋነኑ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1974 የቤት አምፕ ኃይል እንዴት ተለክቶ እንደሚጻፍ ደንብ እስከማውጣት ደርሰዋል።

ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና አስቡ። ፒኤምፒኦ ማለት ያው መኪና ባዶውን ቁልቁል ሲለቀቅ ለአፍታ የሚመታው ፍጥነት ነው። አርኤምኤስ ግን ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ራዲያተሩ ሳይፈላ፣ ዳገቱን የሚጨርስበት አቅም ነው። ሞተሩ ደግሞ ከገባለት ነዳጅ በላይ ጉልበት አያወጣም። የአምፕ ነዳጅ የሚመጣው ከሶኬቱ ነው። ስለዚህ አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ። «220 ቮልት፣ 60 ዋት» ካለ፣ 60 ገብቶ 3000 ከየት ይወጣል? ከገባውም ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀር አለ። ክላስ ኤቢ በሚባለው በድሮው የአምፕ ዓይነት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ሊባክን ይችላል፤ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት በጣም ይቆጥባል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የጀርባው ቁጥር ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል የተለካ አይደለም። ብዙ ፋብሪካዎች በሙሉ ኃይሉ 1/8 ለክተው ይጽፋሉ። ስለዚህ ባለ 100 በ100 (በየቻናሉ 100 ዋት) የሆነ አምፕ ጀርባው ላይ 200 ዋት ቢል ውሸታም አትበሉት። 60 እና 3000 ግን በምንም ሂሳብ አይታረቁም።

ውሸት ሳይኖርም ሰው ይሳሳታል። በቲፒኤ3116 ቺፕ የምትሠራዋን ትንሽ አምፕ ውሰዱ። 50 በ50 ትባላለች፤ እውነት ነው፤ ግን በ21 ቮልትና በ4 ኦም። ሰው ቤት ወስዶ የአሮጌ ራውተር ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይሰካባታል። አስሉት፦ 12 በ12 ሲባዛ 144፤ ለ8 (የ4 ኦም እጥፍ) ሲካፈል 18 ዋት። ይህ የወረቀት ጣሪያ ነው፤ በተግባር ያንሳል። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ 9 ነው። አዳፕተሩ 1 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም ቻናል በድምሩ ያለው 12 ዋት ነው። ከዚያ «ቺፑ ፎርጂድ ነው» ተብሎ እኔ ጋ ይመጣል። ቺፑ ምን አደረገ?

አሁን ወደ ቪዲዮው ልጅ። ወንድሜ፣ ዋት የሚጨምረው ጩኸትን እንጂ ጥራትን አይደለም፤ ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረውም 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ለዚያ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ50 ወደ 100 ለመሄድ የሚከፈለው ብር ብዙ፣ የሚሰማው ልዩነት ትንሽ ነው። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፣ 84 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ አንድ አራተኛ ዋት ይበቃዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስፒከር ምረጡ።

በተራ ሳሎን፣ በተራ ቮልዩም፣ የምንጠቀመው ጥቂት ዋት ነው። የተረፈው መጠባበቂያ ነው፤ ከበሮ ድንገት ሲመታ ነው የሚፈለገው። ያ መጠባበቂያ ሲያልቅ ሾፌሩ ዳገቱ ላይ ነዳጁን እስከመጨረሻ ረግጦት መኪናው ከመጮህ በቀር አይጨምርም። የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ ቱዊተሩም (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ይግላል። ባለ 30 ዋት አምፕ ባለ 100 ዋት ስፒከር የሚያቃጥለው እንዲህ ነው። የሚያቃጥለው ማነሱ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ መረገጡ ነው። ቮልዩሙን ለሚያከብር ሰው 30 ዋት ይበቃል።

የመብራታችን ነገርም አለ። ቮልቴጁ ማታ ወደ 180 ሲወርድ፣ ተራ ትራንስፎርመር ባለው አምፕ ውስጥ ያለው ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል። ኃይሉ በካሬ ስለሚቀንስ 100 ዋት የነበረው ወደ 67 ይጠጋል። ድምፁ ቀድሞ መሰንጠቅ የጀመረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ ግን ከአምፑ ፍላጎት ሰፋ ያለ ይሁን፣ ፍሪጅም አትሰኩበት። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ቮልቴጁን ይጎትተዋል።

በመጨረሻ ሙቀት። ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የሚወስደው ትንሽ ቀንሶ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ አየሩ ወፈር ቢልም ራሱ ይሞቃል። በሁለቱም ቦታ አምፑ ላይ የለበሰውን ዳንቴል አንሱለት።