ሆምወርክ 95 አምጥቼ ለምን ዲ ተሰጠኝ?

አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ ኢንተርሚዲየት አልጀብራ የምትወስዱ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። "ሆምወርክ 95፣ ፈተናዎች 62፣ ፋይናል 60 አመጣሁ፤ ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል 72 ነው፣ እንዴት ዲ ይሰጠኛል?"

ለሦስት አይካፈልማ! ሲለበሱን፣ ማለትም መምህሩ የኮርሱን ዕቅድና የነጥብ አሰጣጥ የጻፈበትን ወረቀት፣ ክፈቱት። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ክብደት አለው። ለምሳሌ ሆምወርክ 20 በመቶ፣ ፈተናዎች 50፣ ፋይናል 30 ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሌሊት የተለፋበት ሆምወርክ የሚሰጣችሁ 19 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከፈተናዎቹ 31፣ ከፋይናሉ 18 ታገኛላችሁ። ድምሩ 68። ሲ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚጀምረው ከ70 ነው።

ዲ ያታልላል። ኤፍ ስላልሆነ ያለፋችሁ ይመስላችኋል፣ ግን ቀጣዩን የሒሳብ ኮርስ ለመመዝገብ አብዛኛው ኮሌጅ ቢያንስ ሲ ስለሚጠይቅ ያንኑ ኮርስ ከፍላችሁ ትደግሙታላችሁ።

ነገሩ እንዳልሆነላችሁ ቶሎ ካወቃችሁ፣ የማቋረጫው ቀነ ገደብ ሳያልፍ ኮርሱን ስታቋርጡ በውጤታችሁ ቦታ ደብልዩ (W፣ አቋርጧል ማለት ነው) ይጻፋል። ጂፒኤ (አማካይ ውጤታችሁን) አይነካም። ፋይናንሻል ኤይድ (ለትምህርት የሚሰጥ የገንዘብ እርዳታ) ላይ ግን ተጀምሮ እንዳላለቀ ኮርስ ይቆጠራል፤ እባካችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ።