በሰው አገር የሚያገለግሉ የግብርናና የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ ፈቃደኞች

የእርሻ፣ የከብት እርባታ፣ የደን ወይም የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ያለ ደመወዝ ወደ ሌላ አገር ገጠር ሄደው ሙያቸውን የሚያካፍሉበት አሠራር ዛሬ በምናውቀው መልክ የተደራጀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የእንግሊዙ በጎ ፈቃደኛ ላኪ ድርጅት ቪ.ኤስ.ኦ. በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የአሜሪካው የሰላም ጓድ በ1961፣ የጃፓኑ መርሐ ግብር ደግሞ በ1965 ተመሠረቱ። የተባበሩት መንግሥታትም በ1970 የራሱን አቋቋመ። ደመወዝ የለም ማለት ግን ወጪው ሁሉ ከኪስ ነው ማለት አይደለም፤ መጓጓዣው፣ ማደሪያውና መጠነኛ አበሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል።

የቆይታው ርዝማኔ በጣም ይለያያል። የሰላም ጓድ አባል እንደ ደንቡ 27 ወር ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ለቋንቋና ለሙያ ሥልጠና ይውላሉ። በ1985 የአሜሪካ የግብርና ሕግ የተፈቀደው «ከገበሬ ለገበሬ» የተባለው መርሐ ግብር ይልካቸው የነበሩት ግን ባብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሠርተው ይመለሱ ነበር። የኔዘርላንዱ ፑም (1978) እና መቀመጫውን ቦን ያደረገው የጀርመኑ ኤስ.ኢ.ኤስ. (1983) በተለይ ጡረታ የወጡ አንጋፋዎችን ለአጭር ጊዜ ያሰማራሉ። ላም ለምን ወተት እንዳነሳት፣ ጎተራ ለምን እንደነቀዘ ለማወቅ ለልምድ አዋቂ ጥቂት ቀን ሊበቃው ይችላል። ለአፈርና ለሰብል ግን ሦስት ሳምንት ከቁጥር አይገባም፤ የተዘራው ሳይበቅል ባለሙያው አውሮፕላን ላይ ነው።

በተራራማ አገር በጎ ፈቃደኞች ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ ኤ-ፍሬም፣ ማለትም ዳገት ላይ እኩል ከፍታ ያለውን መስመር መፈለጊያ መሣሪያ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት እንጨቶች አናታቸው ላይ አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ መሐላቸው ላይ አግዳሚ ይጋደማል፣ ከአናቱ ድንጋይ ያንጠለጠለ ገመድ ይወርዳል። መሣሪያው በሁለት ካስማዎች ላይ ይቆምና ገመዱ አግዳሚውን የነካበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ልኩ ነው። ከዚያ ዳገቱን እያቋረጡ፣ ገመዱ ልኩ ላይ ባረፈ ቁጥር ካስማ እየተከሉ ይሄዳሉ። እርከኑ ወይም አፈር እንዲይዝ የሚተከለው የቬቲቨር ሣር ይህን መስመር ይከተላል፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ ከመውሰድ ይልቅ ይሰርጋል። ቢሰበር ገበሬው ራሱ ይጠግነዋል። የውሃ ፓምፕ ግን መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።

በጥብቅ ትርጉሙ በጎ ፈቃደኛ ባይባልም፣ የአውስትራሊያዊው ሚስዮናዊ የግብርና ባለሙያ የቶኒ ሪናውዶ ተሞክሮ ለዚህ ሥራ ትልቅ ትምህርት ሆኗል። በኒጀር ማራዲ አካባቢ ያስተከላቸው ችግኞች አብዛኞቹ ደርቀውበት ነበር። በ1983 ግን ተራ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የበቀለ ቡቃያ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ ሕያው ነበር፤ የሚያስፈልገው ጥቂቱን ቡቃያ መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝና ከከብት መጠበቅ ነው። ገበሬው የሚንከባከበው ዛፍ የእኔ ነው ብሎ ካልተማመነ ግን አይገርዝም፣ ይቆርጣል። በኒጀር በዚህ ዘዴ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ዛፍ እንደለበሰ ይገመታል።

ጥሩ መርሐ ግብር ባለሙያ የሚልከው የገበሬ ማኅበር ወይም የአካባቢው ድርጅት ሲጠይቅ ነው፤ ጥያቄው ላኪው ቢሮ ውስጥ ከተጻፈ ተቀባዩ ለስብሰባው ብቻ ይመጣል። የ«ከገበሬ ለገበሬ» ዋና ገንዘብ አቅራቢ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2025 ተዘግቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ደግሞ መጓዝ ያልቻሉ ባለሙያዎች ከርቀት እያማከሩ፣ ማሳው ላይ የሚገኘው የአገሬው ባለሙያ ሥራውን እንዲመራ ተደርጓል።