ዶስ የማን ልጅ ነው?

ዊንዶውስ ያለበትን ኮምፒውተር ስትከፍቱ ዋናው ዲስክ «ሲ» ተብሎ ተቀምጧል። ለምን «ኤ» አልተባለም? ኤ እና ቢ ድሮ የፍሎፒ ዲስክ ፊደላት ስለነበሩ ነው። ዶስ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ነው። ዲስኮችን በፊደል የመጥራቱን ልማድ ያገኘው ሲፒ/ኤም ከሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሲፒ/ኤምን በ1974 የሠራው ጋሪ ኪልዳል የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር መምህር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። «ማይክሮሶፍት ዶስን ከኪልዳል ሰረቀ» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ለኪልዳል ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን እሱን ለማክበር የተሳሳተ ወሬ አያስፈልገንም።

«ዶስን የጻፈው ቢል ጌትስ ነው»

አይደለም፤ ቲም ፓተርሰን ነው። ፓተርሰን ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ በሚባል ትንሽ ድርጅት ይሠራ ነበር። ድርጅቱ ኢንቴል 8086 በሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) የሚሠራ ኮምፒውተር አዘጋጀ፤ ግን የሚጫንበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጠፋ። ለ8086 ይመጣል የተባለው ሲፒ/ኤም ዘገየ። ፓተርሰን መጠበቁ ሰለቸውና በ1980 የራሱን ጻፈ። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ በ25 ሺህ ዶላር የመሸጥ ፈቃድ ወሰደ። በጁላይ 1981 ደግሞ 50 ሺህ ዶላር ከፍሎ ጠቅልሎ ገዛው።

«ኪልዳል አውሮፕላን እያበረረ ሲዝናና ዕድሉ አመለጠው»

ይሄኛው ወሬ በጣም ያሳዝነኛል። አንድን ትልቅ መሐንዲስ ወደ መቀለጃ ስለለወጠው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1980 ትልቁ የኮምፒውተር ድርጅት አይቢኤም ለአዲሱ የግል ኮምፒውተሩ (ፒሲ) ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይፈልግ ነበር፤ ሰዎቹ ካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ ወደሚገኘው የኪልዳል ድርጅት፣ ዲጂታል ሪሰርች፣ መጡ። ኪልዳል በእርግጥ ጠዋት አውሮፕላኑን አስነስቶ ሄዷል። የሄደው ግን ለሥራ ነው፤ ለአንድ ደንበኛ ሰነድ ሊያደርስ። የንግዱን ጉዳይ ድሮም የምትይዘው ሚስቱ ዶሮቲ ነበረች። አይቢኤም መጀመሪያ የሚስጥር ውል ፈርሙ አለ። ውሉ ለአይቢኤም ያደላ ስለነበር ዶሮቲ ዝም ብላ አልፈረመችም፤ ጠበቃ አማከረች። ማንም ጠንቃቃ ነጋዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ኪልዳል ከሰዓት ተመልሶ እንዳነጋገራቸው ተናግሯል። ከአይቢኤም በኩል የመጣው ጃክ ሳምስ ደግሞ ኪልዳልን ማግኘቱን አላስታውስም ብሏል። ያም ሆነ ይህ ድርድሩ የተበላሸው በበረራው አይደለም። ውሉና የክፍያው መንገድ ነው ያላስማማቸው። አይቢኤምም ወደ ማይክሮሶፍት ዞረ፤ ዶስን ከዚያ ወሰደ።

«ፓተርሰን የሲፒ/ኤምን ኮድ ገልብጦ ወሰደ»

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ። በአንድ ቤት ፕላንና በቤቱ ግንብ መካከል ልዩነት አለ። ፓተርሰን የወሰደው ፕላኑን ነው፤ ግንቡን ራሱ ነው የገነባው።

ፕላን ስል ምን ማለቴ ነው? አንድ ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አገልግሎት ሲፈልግ በቁጥር ይጠይቃል። በሲፒ/ኤም «ፋይል ክፈትልኝ» ማለት 15 ቁጥር ነው። በዶስም 15 ነው። «ይህን ጽሑፍ ስክሪን ላይ አሳይ» በሁለቱም 9 ነው። ጽሑፉ ማለቁን የሚነግረው ምልክት ደግሞ በሁለቱም የዶላር ምልክት ነው! ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ እንዲህ ሊገጣጠሙ አይችሉም። ፓተርሰንም አልካደም። ለሲፒ/ኤም የተጻፉ ፕሮግራሞች በቀላሉ ወደ 8086 እንዲሻገሩ ፈልጎ ነበር፤ ስለዚህ የሲፒ/ኤምን መመሪያ መጽሐፍ ይዞ ሠራ።

ውስጡ ግን ይለያል። ትልቁ ልዩነት ፋይሎች የሚቀመጡበት መንገድ ነው። ሲፒ/ኤም የፋይሉ ቁርጥራጮች የት እንዳሉ የሚጽፈው ከፋይሉ ስም ጎን፣ በዚያው ማውጫ ውስጥ ነው። ዶስ ለዚህ የተለየ ሰንጠረዥ አለው፤ ፋት ይባላል። ዛሬም ፍላሽ ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ «ፋት 32» የሚል ምርጫ ታያላችሁ፤ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። የፋት ሐሳብ የመጣው ደግሞ ቤዚክ ከሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ማርክ ማክዶናልድ በ1977 የሠራው። በ2012 ቦብ ዘይድማን የተባለ የሶፍትዌር መርማሪ ሁለቱን ሥራዎች አነጻጽሮ የተቀዳ ኮድ አላገኘሁም ብሏል።

«ፍርድ ቤት ለኪልዳል ፈረደለት» የሚሉም አሉ። ኪልዳል በ1994 ሞቷል። ክሱን ያቀረበው ፓተርሰን ራሱ ነው፤ በ2005፣ ስሜ ጠፋ ብሎ፣ ሥራውን የሲፒ/ኤም ቅጂ ባለ አንድ ደራሲ ላይ። በ2007 ክሱ ውድቅ ሆነ። ጉዳዩ የስም ማጥፋት ነበር፤ ኮድ ሰርቋል ተብሎ የተፈረደበት ማንም የለም።

«ኪልዳል ሁሉንም ከባዶ ፈጠረ»

እሱም ቢሆን ከቀደሙት ተምሯል። ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዙ «ፒፕ» ስሙ ሳይቀር ዴክ ከሚባለው ድርጅት ኮምፒውተሮች የመጣ ነው። የእሱ ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር የሚለያየውን ክፍል ለብቻው አውጥቶ ባዮስ ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ አዲስ ማሽን ሲመጣ የሚቀየረው ያቺ ትንሽ ክፍል ብቻ ሆነች። አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የብዙ ድርጅቶችን ኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ቻለ። እኔን ብትጠይቁኝ ኪልዳል መነሳት ያለበት በዚህ ነው፤ ባዮስ የሚለውን ቃል ዛሬም ማንኛውም ኮምፒውተር ጠጋኝ ይለዋል።

«አይቢኤም ሲፒ/ኤምን ጭራሽ አልሸጠም»

ሸጧል። ኪልዳል የዶስን መመሳሰል አይቶ ቅሬታ ሲያነሳ፣ አይቢኤም ሲፒ/ኤምንም ለፒሲው ሊሸጥ ተስማማ፤ ኪልዳል በበኩሉ ላይከስ። ኪልዳል ገዢው መርጦ የሚወስድ መስሎት ነበር። ዋጋው ሲወጣ ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒ/ኤም 240 ዶላር ሆነ።