በወሎ ቢላዋ በትእዛዝ ማሠራት

በወሎ ለእረኝነት፣ ለእርሻና ለመንገድ የሚያገለግል ቢላዋ ከሱቅ የሚገዛ ብቻ ሳይሆን ለብረት ቀጥቃጭ ታዝዞ በያዡ እጅና በሥራው ልክ የሚሠራ ዕቃም ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውንና መጥረቢያውን የሚሠራው ባለሙያ ቢላዋውንም ይሠራል። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ቢላዋ ገበያውን ከሞላ በኋላም የእጅ ሥራው ፈላጊ አላጣም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ቢላዋ ሲደነዝዝ ይሳላል፣ እጀታው ሲላቀቅ ይጠገናል፣ ጉድለት ቢገኝበትም ሠሪው የት እንዳለ ይታወቃል።

የአገሩ አቀማመጥ የቢላዋውን ዓይነት ይወስናል። ወሎ በምሥራቅ ወደ አፋር ከሚወርደው የባቲ ቆላ አንሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይዘልቃል። የደጋ እረኛ በቢላዋው ጠፍር ይቆርጣል፣ ችካል ያሾላል፣ ለእሳት ጭራሮ ይሰነጥቃል፤ የላስታንና የመቄትን ጋራ በእግር የሚወጣ መንገደኛም የሚፈልገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በባቲ የሰኞ ገበያ አፋሮች ታጥቀውት የሚታዩት ጊሌ ግን ጎበጥ ያለ፣ በሁለቱም ወገን ስለት ያለው ጩቤ ነው። ጊሌ ትጥቅም የማንነት ምልክትም ስለሆነ ከሥራ ቢላዋ ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ለእርድ የሚታዘዘው ካራም ረዘም ያለና ስስ ስለት ያለው ሆኖ ይለያል። እዚህ የሚነገርለት አንድ ስለትና ጠንካራ ደንደስ (ከስለቱ ተቃራኒ ያለ ጀርባ) ያለው የሜዳ ቢላዋ ነው።

ሙያው ያለው ጥቅምና የተሰጠው ክብር ለረጅም ዘመን አልተመጣጠኑም። በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሕዝብ ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ አምባ ደርሷል፤ ዛሬም የሚገኘው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። ብረት ሠሪው ይህን ያህል በሚፈለግበት አገር ግን «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው ተብሎም ይሸሽ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ሆኖም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልሆነም። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም፤ የቀጥቃጮች ልጆች ሙያውን እንዳይወርሱ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስድብ ነውና።

ማሠራት የሚጀምረው በንግግር ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ቢላዋ መልካምነትም በአብዛኛው በዚሁ ንግግር ይወሰናል። «ጥሩ ቢላዋ ሥራልኝ» ብሎ ቀብድ ከፍሎ መሄድ ለሠሪው ምንም አይነግረውም። አዛዡ ቢላዋውን ለምን እንደሚፈልገው፣ እንጨት ይሰነጥቅበት ወይም ሥጋ ብቻ ይቆርጥበት እንደሆነ፣ በወገቡ ይታጠቀው ወይም በስልቻ ይይዘው እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ለሁለገብ የሜዳ ሥራ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስለት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ደንደስ ይበቃል። ከዚህ የረዘመው ለጥቃቅን ሥራ አያመችም፤ ከዚህ የሳሳውም በግንድ ላይ ሲመታ ይጣመማል። ቅርጹን በካርቶን ቆርጦ ማምጣት ከብዙ ቃል ይሻላል፤ የእጀታው ርዝመት ግን በባለቤቱ መዳፍ ይለካል እንጂ በግምት ሊያዝ አይገባውም።

ከዚያ የብረቱ ነገር ይመጣል። ከጂቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና መንገድ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ስለሚገባ አሮጌ ባሌስትራ (የመኪናን ጭነት የሚሸከም ተደራራቢ ብረት) በዚህ አካባቢ ለማግኘት አያስቸግርም። ባሌስትራ አብዛኛውን ጊዜ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ ይህ መጠን እሳትና ዘይት ሲያገኝ ለመጠንከር በቂ ነው፤ ያም ሆኖ በቀላሉ አይሰበርም። የቤት መሥሪያ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለቱን አይዝም። አሮጌ ሞረድ ከባሌስትራ የበለጠ ካርቦን ስላለው ስለቱ ይቆያል፤ ነገር ግን በእሳት በሚገባ ካልለዘበ ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል። ባሌስትራም ቢሆን ለዓመታት ጭነት የተሸከመ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ስለሚችል፣ አስተዋይ ሠሪ የተሰበረውን ጫፍ ትቶ ከደህናው ክፍል ይቆርጣል።

ብረቱ በከሰል እሳት ግሎ፣ በጉጠት ተይዞ በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። የፍየል ቆዳ ወናፍ በብዙ ቦታ በእጅ በሚዞር ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማራገቢያ ቢተካም ሥራው ያው ነው። ቅርጽ ማውጣት ብዙ ላብ ያፈሳል፤ ይሁን እንጂ ቅርጹ ቢሳሳት በሞረድ ይስተካከላል። ቢላዋውን ቢላዋ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ያለው የማጠንከር ሥራ ነው፤ አዛዡ የማያየው፣ ስለዚህም የማይጠይቀው ክፍል ይህ ነው። ብረቱ ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ትንሽ አለፍ እስኪል ይግላል። ሠሪው ቴርሞሜትር ስለሌለው ቀለሙን ያያል፤ ለዚህም ጥላ ያለበት ጎጆ ያስፈልጋል፣ የጋለ ብረት በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ቀለሙ ስለሚያታልል። ማግኔት ማስጠጋትም ይረዳል፤ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት መያዙን ይተዋል፣ ከዚያ ጥቂት ጨምሮ ማውጣት ነው። የጋለው ባሌስትራ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ቢጠልቅ ይመረጣል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ቢጠልቅ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከዘይት የወጣው ብረት ሞረድ የማይነካው ጠንካራ ቢሆንም ገና ተሰባሪ ስለሆነ ዳግመኛ ለዘብ ባለ ሙቀት መመለስ አለበት። የተወለወለው ገጽታው የገለባ ቢጫ እስኪመስል፣ ማለትም 200 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይሞቃል፤ ወደ ሰማያዊ ካለፈ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፣ ለስለትም ይለሰልሳል። በዚህ ደረጃ የሚቸኩል ሠሪ ያማረ መልክ ያለው፣ ግን በመጀመሪያው ውርጭ ሌሊት ግንድ ላይ የሚሰበር ቢላዋ ያስረክባል። ስለዚህ በዋጋ ክርክር ጊዜ ለማለስለሻና ለመወልወያ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጊዜ ለሠሪው መስጠት ይሻላል። በገበያ ዋዜማ አስቸኩሎ ማሠራት ደግሞ ራሱን አዛዡን ይጎዳል።

ለእጀታ ወይራ ይመረጣል፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በዘይት ከታሸ እርጥበት ቶሎ አይገባውም። ዋንዛ ለመጥረብ ይቀላል፣ ነገር ግን ቶሎ ይጎዳል። የበሬ ቀንድ በሙቀት ተለስልሶ ይዘረጋል፣ መልኩም ያምራል፤ በቆላ ድርቀት ግን ሊጣመምና ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል። ብረቱ ከእጀታው ጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ በሁለት ወይም በሦስት የነሐስ ሚስማር ቢያዝ ከሁሉ ይጠነክራል። ቀጭን ጭራ አሹሎ እጀታው ውስጥ መሰካት ይቀላል፣ ግንድ ለሚመታ ቢላዋ ግን አይሆንም። አፎቱን ቆዳ ሠሪ ከወፍራም የከብት ቆዳ ሰፍቶ፣ ስለቱ የሚያርፍበት መስመር ላይ ተጨማሪ ቆዳ ያስገባል፤ ይህ ከቀረ ስለቱ ክሩን ይበጥሳል።

ቢላዋው ሲወሰድ በመልኩ ብቻ መቀበል አይገባም። ደንደሱ በዓይን ተይዞ ቀጥ ማለቱ ይታያል፣ እጀታው ሳይላወስ መያዙ ይፈተሻል፣ ደረቅ ወይራ ተጠርቦበት ስለቱ ያልተጠቀለለና ያልተሸረፈ መሆኑ ይታያል። ይህን ሠሪው ፊት ማድረግ ነውር የለውም፤ በሥራው የሚተማመን ባለሙያ ራሱ ያደርገዋል። ከባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ ስለሚዝግ በክረምት ዘይት ወይም ቅባት እየተቀባ ይያዛል። ሲደነዝዝ በመሳያ ድንጋይ በእያንዳንዱ ወገን በ20 ዲግሪ ገደማ ይሳላል። ፈጥኖ በሚዞር የኤሌክትሪክ መሳያ ግን መሳል የለበትም፤ ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ማጠንከሩ ጠፍቷል፣ ያን ጊዜ እጀታው ወጥቶ ብረቱ እንደገና እሳትና ዘይት ማየት ስላለበት ቢላዋው ወደ ቀጥቃጩ ይመለሳል።