«ደሴ ተቀምጦ የቪዲዮ ኤዲተር መሆን አይቻልም» እና ሌሎች መታረም ያለባቸው አመለካከቶች

ጥር ሲገባ ከደሴም ከኮምቦልቻም የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው የሥራ ቦታዬ ብቅ ይላሉ። አንዱ አልከፈት ያለ ፋይል ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎበት። አብረን ከምንቀመጥበት ጊዜ አብዛኛው የሚያልቀው ግን ከማሽኑ ጋር በመታገል አይደለም። ከሰው ሰው ሲወርድ የመጣ የተሳሳተ እምነት ነው ጊዜያችንን የሚበላው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ አንድ በአንድ አነሳለሁ።

«ትምህርቱ ያለው አዲስ አበባ ነው»

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚሠራው ብላክማጂክ ዲዛይን የሥልጠና መጻሕፍቱን ከነመለማመጃ ቪዲዮዎቻቸው በድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። ቅንብር ለብቻው፣ ቀለም ለብቻው፣ ድምፅ ለብቻው መጽሐፍ አለው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሙያው ቃላት ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ምዕራፉን እያነበበ በዚያው ፋይል ላይ የሚለማመድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቃላቱን ሳያስብ ይጠቀምባቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ተማሪም የሚያወርደው ይህንኑ ፋይል ነው።

«ነፃ ሶፍትዌር የጀማሪ ነው፤ ባለሙያ በክራክ ይሠራል»

ክራክ ማለት የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ቁልፉን ሰብሮ ያለ ፈቃድ መጠቀም ነው። ይህ ብዙ ወጣት ያከሰረ አባባል ነው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ እትም እስከ 3840 በ2160 ጥራትና እስከ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሰከንድ ያወጣል፣ የሚከፈልበትን እትም ኤፌክቶች ካልተጠቀማችሁ በምስሉም ላይ ምልክት አያትምም። ለሰርግ፣ ለማስታወቂያም ሆነ ለዶክመንተሪ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ደንበኛ እዚህ ከተማ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። ለደካማ ኮምፒውተር ደግሞ ኬደንላይቭና ሾትከት አሉ። ሁለቱም ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት ሕጋዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በምርጥ ረጅም አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው ብሌንደር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ክራክ የሚጭን ሰው በመጀመሪያ የሚታዘዘው ፀረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ ነው። በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የሁለት ሰርግ ቀረጻ በአንድ ሌሊት በቫይረስ ተቆልፎበት እያለቀሰ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ ምንም ልንመልስለት አልቻልንም።

«ኮምፒውተሬ ስለማይችል ሥራውን ተውኩት»

አትተዉት። ስልኮችና አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹበት ኤች 265 የሚባለው አጨማመቅ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም። አብዛኛውን ከጎረቤቱ ፍሬም በተለየበት ብቻ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹን ደጋግሞ ማስላት አለበት፤ የሚንተፋተፈው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ፕሮክሲ ነው፦ ሶፍትዌሩ ከዋናው ቀረጻ ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጃል፣ እናንተ በቅጂው ላይ ትቆርጣላችሁ፣ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ተመልሶ በሙሉ ጥራት ያወጣል። ፕሮክሲውን ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።

«ሶፍትዌሩ አማርኛ አያውቅም»

የሙሽሮቹ ስም በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተተክቶ ሲታይ የሚባለው ይህ ነው። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም፣ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነፃ አውርዱ፣ ጫኑ፣ ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ፎንቱን ምረጡ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ከሆነ ግን ገልብጦ መለጠፍ የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ይሰጣችኋል፤ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

«በኢንተርኔት ብጠይቅም ማንም አይመልስልኝም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ራሴ እንደዚህ አስብ ነበር።

ኮምቦልቻ ውስጥ የቀረጽነው አንድ ኒካህ ነበር። ምስሉን በስልክ፣ ድምፁን በተለየ መቅጃ ወስደናል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር የተስማማ ነበር። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ሙሽራው «ተቀብያለሁ» ሲል ቃሉ ቀድሞ ይሰማል፣ ከንፈሩ የሚከፈተው ቆይቶ ነው። ከሰርጉ ሁሉ መበላሸት የሌለበት ቃል እርሱ ነበር። የኤዲተሮች መወያያ ላይ «ድምፁ አልገጥም አለኝ፣ እርዱኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ዝም። በአራተኛው ቀን ጥያቄዬን እንደገና ጻፍኩት፦ የሶፍትዌሩ ስምና ቁጥር፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት፣ በምን ስልክ እንደተቀረጸ፣ ድምፁ ከስንተኛው ደቂቃ ጀምሮ እንደሚለያይ፣ እስካሁን ምን ምን እንደሞከርኩ። መልሱ በሰዓት ውስጥ መጣ። ስልኮች ብዙ ጊዜ የሚቀርጹት በሚለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት ነው፤ «30» ተብሎ የተጻፈው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ ድምፅ መቅጃው ግን ሳይዛነፍ ይቆጥራል። ሚዲያኢንፎ በሚባል ነፃ መሣሪያ ፋይሉን ማየት፣ «የሚለዋወጥ» (Variable) ካለ ደግሞ ሃንድብሬክ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይሮ ከዚያ ቅንብሩን መጀመር ነበር ያለብኝ። አደረግሁት፣ ቃሉና ከንፈሩ ተገናኙ።

የመለሰልኝን ሰው በአካል አላውቀውም። ያን ቀን የተማርኩት ዝም የተባልኩት ተንቄ እንዳልነበረ ነው። «ታመምኩ» ብሎ የት እንደሚያመው ለማይናገር ሰው ማን መድኃኒት ያዝዛል? ሰው እናንተን ከረዳ በኋላም ችግሩን የፈታላችሁን መፍትሔ ተመልሳችሁ ጻፉ፤ ነገ እንደ እናንተ የሚቸገር ሰው ያገኘዋል።

«የአዳራሹ ምስል የሚርገበገበው ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ነው»

አይደለም። የአገራችን የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። በ25 ፍሬም ቀርጻችሁ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት መርገብገቡ ይጠፋል። በ30 መቅረጽ ግድ ከሆነ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት።

«ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ሙዚቃ ሁሉ ነፃ ነው»

የወሎ ልጅ ይህን በቀላሉ ሊረዳው ይገባል። አምባሰል ቅኝቱ የሁላችንም ነው፣ ባቲም እንዲሁ። አንድ ድምፃዊ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው ዘፈን ግን ባለቤት አለው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ዩቲዩብም የድምፁን አሻራ አመሳክሮ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ የወጡ ሙዚቃዎችን ስትጠቀሙም ፈቃዱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ «ለንግድ የማይውል» የሚል ካለበት በክፍያ ለምትሠሩት ሰርግ አይሆንም። እኔ የምመርጠው ሌላ ነው፦ የከተማችንን ማሲንቆ ተጫዋች ለአንድ ሰዓት ከፍሎ ማስቀረጽና በጽሑፍ መስማማት። ለእርሱ እንጀራ ይሆናል፣ ለሥራችሁ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ድምፅ።

«ሃርድ ዲስክ ላይ ካለ ተቀምጧል»

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ብዙዎቻችን የለበስነውን ብቻ ይዘን ወጣን። ስመለስ ጠረጴዛው ነበር፣ ኮምፒውተሩና ከጎኑ የነበሩት ሁለት ዲስኮች አልነበሩም። «ሁለት ቅጂ አለኝ» ብዬ ስጽናና ሁለቱም በአንድ መሳቢያ ውስጥ መሆናቸውን አላሰብኩም ነበር። የስድስት ዓመት ሥራ ሄደ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ሰርግ ነው፤ እርሱም የሙሽራዋ ወንድም ቅጂውን ወደ አዲስ አበባ ወስዶት ስለነበረ። በሠርጉ ላይ የታዩት አያቷ በዚያው ዓመት አርፈው ነበር። እየሳቁ ሲመርቁ የሚታዩበት ሌላ ምስል ቤተሰቡ የለውም።

ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ የሚሉት ለዚህ ነው።

«ለሌላ ኤዲተር ካሳየሁት ደንበኛዬን ይወስድብኛል»

ኮምቦልቻ ከሚሠራ አንድ የሙያ ወንድሜ ጋር ዲስክ እንለዋወጣለን። የእኔን እርሱ ያስቀምጣል፣ የእርሱን እኔ፤ ሦስተኛው ቅጂ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ነው። ጥር ላይ ሥራ ሲበዛብኝ ወደ እርሱ እልካለሁ፣ ሲበዛበት ይልክልኛል። እስካሁን አንድም ደንበኛ አልወሰደብኝም። ባለፈው ቅዳሜ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ተራራ ጉም ውስጥ በሚኒባስ ዲስኩን ይዞ መጣና ቡና እየጠጣን የድምፅ ማጽዳት አሳየኝ፤ እኔም የአማርኛ ርዕስ አሠራሬን ፋይሉን እንዳለ ሰጠሁት።